መብራት ሳይጠፋ የሚያልቅ ግልበጣ፦ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፈጣን የውጭ ዲስክ አመራረጥ

ከኮምፒውተሩ ሣጥን ውጭ ሆኖ በገመድ የሚያያዘው፣ በተለምዶም «ኤክስተርናል» እየተባለ የሚጠራው የመረጃ ማከማቻ ሲገዛ፣ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ጊጋባይት ወይም ስንት ቴራባይት እንደሚይዝ ነው፤ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚቀበልና እንደሚሰጥ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መብራት በማይቆራረጥበት ስፍራ ይህ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። በደብረ ኤልያስ፣ በቢቸና፣ በሞጣና በመሳሰሉት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ግን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እንደ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስለሌለው መብራት በጠፋበት ቅጽበት አብሮ ይጠፋል፤ በዚያች ቅጽበት ወደ ውጭው ዲስክ በመገልበጥ ላይ የነበረው ፋይል ከመንገድ ይቀራል፤ ሲከፋም የዲስኩ ማውጫ ራሱ ተበላሽቶ ቀድሞ የተቀመጠው ሁሉ አልከፈት ይላል። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ግልበጣ ሩብ ሰዓት ከሚፈጀው ይልቅ አሥራ ሁለት እጥፍ ለሚረዝም ጊዜ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ፈጣን ዲስክ መምረጥ በእንዲህ ያለ ከተማ የጥንቃቄ አንዱ ክፍል ነው።

የሚቀመጠው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ከምርጫው ይቀድማል። ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የምትገኝ፣ በቅኔ ትምህርት ስሟ የተጠራ ከተማ ናት፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። ቅኔ በቃል የሚዘረፍ፣ ለየበዓሉና ለየጉባኤው አዲስ ሆኖ የሚቀርብ ጥበብ በመሆኑ፣ ካልተጻፈ ወይም ካልተቀረጸ በሰሚው ልብ ከማደር በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም። ድምፁ ሳይታመቅ በሲዲ ጥራት ቢቀረጽ አንዱ ሰዓት 635 ሜጋባይት ገደማ ይይዛልና፣ ስምንት ሰዓት የፈጀ የማሕሌት ሌሊት 5 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ይህ ለማንኛውም ዲስክ ቀላል ሸክም ነው። የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ ግን ይከብዳል፤ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳያምቅ የሚያስቀምጥበት ጥሬ ፎቶ አንዱ 50 ሜጋባይት ቢሆን፣ 150 ቅጠል ማለትም 300 ገጽ ያለው አንድ ድጓ ወይም ገድል 15 ጊጋባይት ይሆናል፤ ሃያ መጻሕፍት ያሉት አንድ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ደግሞ 300 ጊጋባይት ይጠይቃል። ከሁሉ የሚከብደው ቪዲዮ ነው። በአሁኑ ጊዜ በየከተማው ያሉት የቪዲዮና የፎቶ ቤቶች ሰርግና ጥምቀት የሚቀርጹባቸው ካሜራዎች ፎርኬ በሚባለው ከፍተኛ የምስል ጥራት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ያህል ሲጽፉ፣ የሰዓቱ ልክ 45 ጊጋባይት፣ የስምንት ሰዓት ሰርግ ደግሞ 360 ጊጋባይት ይደርሳል።

ይህን ያህል ሸክም በኢንተርኔት ይላክ ቢባል፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍና ከቶ በማይቆራረጥ መስመር እንኳ 80 ሰዓት ይፈጃል። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሚጓዝ የውጭ ዲስክ፣ በመስመር ያልተቻለውን ሥራ በአንድ ቀን መንገድ ይፈጽማል።

አሁን ወደ ፍጥነቱ አለካክ መግባት ይገባል፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በዲስክና በገመድ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ በቢት የተለካ ሲሆን፣ የፋይል መጠን ግን የሚለካው በባይት ነው። ቢት አንዲት የ«አለ» ወይም የ«የለም» ምልክት ስትሆን፣ ባይት የስምንት ቢት ጥርቅም ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ተብሎ የሚነገርለት መስመር ለስምንት ሲካፈል 60 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል፤ ከዚህም ላይ መስመሩ ለራሱ መልእክት የሚያውለው ተቀንሶ በተግባር የሚገኘው ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ፍጥነት በዲስኩ ብቻ የሚወሰን አለመሆኑ ነው። የእንስራው ሆድ ምንም ያህል ቢሰፋ ውኃው የሚፈስሰው በአንገቱ ልክ እንደሆነ ሁሉ፣ መረጃውም ዲስኩን፣ የዲስኩን ቤት፣ ገመዱን፣ ሶኬቱንና ኮምፒውተሩን አልፎ ሲሄድ የሚጓዘው ከእነዚህ ሁሉ በጠበበው ልክ ነው። ለዴስክቶፕ ባለቤት ይህ አንገት አብዛኛውን ጊዜ ሶኬቱ ነው።

ዩኤስቢ የሚባለው የማያያዣ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ከፍተኛው ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነበረ፤ በ2000 ሁለተኛው ትውልድ 480 ሜጋቢት፣ በ2008 ሦስተኛው 5 ጊጋቢት፣ በ2013 የወጣው 10 ጊጋቢት፣ በ2017 የወጣው 20 ጊጋቢት፣ በ2019 የወጣው አራተኛው ትውልድ ደግሞ 40 ጊጋቢት ደረሰ። የዚህን ሥርዓት ደንብ የሚያወጡት ኩባንያዎች ስሙን ደጋግመው በመለዋወጣቸው ገዢውን እጅግ አደናግረዋል፤ በ2008 ዩኤስቢ 3.0 የተባለው ያው የ5 ጊጋቢት መስመር፣ አንዳች ሳይጨመርበት፣ በኋላ ዩኤስቢ 3.1 ጄን 1፣ ቀጥሎም ዩኤስቢ 3.2 ጄን 1 ተብሏል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ «3.2» የሚል ጽሑፍ ማየት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ መታየት ያለበት ከአጠገቡ የተጻፈው የጊጋቢት ቁጥር፣ ማለትም 5፣ 10 ወይም 20 የሚለው ነው። ታይፕ ሲ የሚባለው ሞላላ ሶኬትም እንዲሁ የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ፍጥነቱን አይናገርም፤ ቅርጹ ታይፕ ሲ ሆኖ ፍጥነቱ የ480 ሜጋቢት ብቻ የሆነ ገመድ በየሱቁ ሞልቷል፤ ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጣው ገመድ አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው።

በትንንሽ ከተሞች በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በቪዲዮ ቤቶች የሚሠሩት ዴስክቶፖች ብዙዎቹ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የመጡ እንደ ዴልና ኤችፒ ያሉ ማሽኖች ስለሆኑ፣ የተሠሩበትን ዘመን መለየት ይጠቅማል። ኢንቴል የ5 ጊጋቢቱን ዩኤስቢ በራሱ ቺፕሴት ውስጥ ማካተት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ማለትም በሦስተኛው ትውልድ የኮር አይ ፕሮሰሰሮች ጊዜ ነው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 የተባለው የ2011 ማሽን የ480 ሜጋቢት ሶኬቶች ብቻ ሲኖሩት፣ በዓመቱ የተከተለው ኦፕቲፕሌክስ 7010 ግን የ5 ጊጋቢት ሶኬቶችም አሉት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ከላይ ለሚያያቸው ሰው ብዙም የማይለያዩ ሣጥኖች ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው ጎንበስ ተብሎ ሶኬቱ ውስጥ ሲታይ ነው፤ የፈጣኑ ሶኬት ምላስ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሲሆን፣ ከቀድሞዎቹ አራት መዳቦች ሌላ አምስት መዳቦች ተጨምረውበታል፤ በአጠገቡም «ኤስኤስ» የሚል የላቲን ፊደል ምልክት ይገኛል። ሰማያዊ ሶኬት የሌለው ማሽን ያለው ሰው ውድ ዲስክ ከመግዛቱ በፊት በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ 3 ካርድ ቢያስገጥም ይሻላል፤ ላፕቶፕ ይህን ለመቀበል አይመችም፣ ዴስክቶፕ ግን ሣጥኑ ተከፍቶ በጥቂት ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው፤ ዋጋውም ከዲስኩ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። ፈጣን ሶኬት ላለውም ቢሆን ከሣጥኑ ፊት ያሉት ሶኬቶች በውስጥ ሽቦ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ሽቦው ላልቶ ወይም አርጅቶ ዲስኩን ሊያቆራርጡት ይችላሉና፣ ረጅም ግልበጣ በስተኋላ በኩል ማዘርቦርዱ ላይ ከተበየዱት ሶኬቶች በአንዱ ቢደረግ ይመረጣል።

የዲስኩ ዓይነት ከሁለት አንዱ ነው፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ወይም የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ። ሃርድ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ1956 በአይቢኤም ኩባንያ ሲወጣ 50 ሰሌዳዎች የተደራረቡበት፣ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ቁም ሣጥን ነበረ፤ የሚይዘው ግን ከ4 ሜጋባይት ያነሰ፣ ማለትም ዛሬ ለአንድ የብራና ገጽ ጥሬ ፎቶ እንኳ የማይበቃ ያህል ነበር። የዛሬው በኪስ ሲገባ አሠራሩ ግን ያው ነው፤ መግነጢስ የተቀባ ሰሌዳ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፣ ንባብና ጽሕፈት የሚያከናውነው ራስ ደግሞ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ በሚያንስ ክፍተት ከሰሌዳው በላይ ያንዣብባል። ይህን ራስ ከሰሌዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው በሰሌዳው መሽከርከር የሚፈጠረው የአየር ትራስ ነው። አየሩ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ትራሱም ስለሚሳሳ አምራቾቹ ለእነዚህ ዲስኮች ዋስ የሚሆኑት ብዙውን ጊዜ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ብቻ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኘው ደብረ ማርቆስም ሆነ ለደብረ ኤልያስ ይህ አያሰጋም፤ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በጮቄ ተራራ ከፍተኛ ወገብ ላይ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ኤስኤስዲ በአየር ላይ የሚመካ ምንም ነገር ስለሌለው ከዚህ ነፃ ነው።

የኪሱ ሃርድ ዲስክ በደህና ጊዜው በሰከንድ ከ120 እስከ 140 ሜጋባይት ይጽፋል፤ ሰሌዳው እየሞላ ጽሕፈቱ ወደ ውስጠኛው ክብ ሲጠጋ ግን በአንድ ዙር የሚያልፈው ርቀት ስለሚያጥር ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከዚህ የባሰ የሚያዘገይ፣ ሻጭ የማይናገረው አንድ ባሕርይም አለ። በዛሬዎቹ ትልልቅ የኪስ ዲስኮች ውስጥ የጽሕፈቱ መስመሮች ቦታ ለመቆጠብ ሲባል እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ደርቦ እንዲያልፍ ተደርገው ይጻፋሉ፤ ከመካከል አንዱን ቆርቆሮ ለመለወጥ የፈለገ አናጺ በላዩ የተደረቡትን ሁሉ መንቀል እንዳለበት፣ ዲስኩም ከመካከል አንድ ፋይል ሲለወጥ የተደረቡትን ተከታይ መስመሮች አንሥቶ እንደገና መጻፍ አለበት። እንዲህ ያለው ዲስክ ባዶ ሳለ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ለሚቀመጥ ማኅደር ምንም አይልም፤ በየቀኑ እየተሰረዘ እየተጻፈ የቪዲዮ ቅንብር ለሚሠራበት ሰው ግን በሰከንድ ወደ ጥቂት ሜጋባይት እየወረደ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ለዴስክቶፕ ተብሎ የሚሸጠው ትልቁ ባለ ሦስት ተኩል ኢንች የውጭ ዲስክ የበለጠ ይይዛል፣ ይፈጥናልም፤ ነገር ግን የራሱ የመብራት ገመድ አለው። ኮምፒውተሩ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል በሚሰጠው ዩፒኤስ በሚባለው የባትሪ መሣሪያ ላይ ተሰክቶ ይህ ዲስክ ግን ግድግዳው ላይ ከተሰካ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በሕይወት ሳለ ዲስኩ ብቻውን ይሞታልና፣ ሁለቱም ከአንድ ዩፒኤስ መሰካት አለባቸው።

ኤስኤስዲ መረጃን የሚያስቀምጠው የጃፓኑ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ በቶሺባ ኩባንያ ሳሉ በፈለሰፉት የፍላሽ ሚሞሪ ውስጥ ነው። የሚዞር ሰሌዳ ስለሌለው ፋይሉ ያለበትን ስፍራ ለማግኘት ሃርድ ዲስክ ከአሥር ሚሊሰከንድ በላይ ሲፈጅበት፣ ኤስኤስዲ የአንድ ሚሊሰከንድ አሥረኛ ያህል ይበቃዋል፤ ይህም በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ሲገለበጡ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት ነው። የውጭ ኤስኤስዲ በውስጡ ሳታ በሚባለው የቆየ መስመር የተሠራ ከሆነ እስከ 550 ሜጋባይት፣ ኤንቪኤምኢ በሚባለው አዲሱ መስመር የተሠራ ከሆነ ደግሞ በ10 ጊጋቢት ሶኬት 1,000 ሜጋባይት ገደማ በሰከንድ ያሳልፋል። ከላይ የተባለው የ360 ጊጋባይት ሰርግ በአሮጌው የ480 ሜጋቢት ሶኬት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ይቆያል፤ በሰማያዊው ሶኬት ላይ በተሰካ ሃርድ ዲስክ 50 ደቂቃ፤ በዚያው ሰማያዊ ሶኬት በሰከንድ 450 ሜጋባይት በሚጽፍ ኤስኤስዲ 13 ደቂቃ፤ በ10 ጊጋቢት ሶኬት በኤንቪኤምኢ 6 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ ዴስክቶፕንና ስክሪኑን ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት ይችላል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግልበጣዎች መብራት ቢጠፋም በዩፒኤሱ ዕድሜ ውስጥ ሊያልቁ የሚችሉ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን አይችሉም።

ይሁን እንጂ 20 ወይም 40 ጊጋቢት የሚል ዲስክ ለማግኘት ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ለአብዛኛው ዴስክቶፕ ባለቤት ትርፍ የለውም፤ የ20 ጊጋቢት ሶኬት በጥቂት ማዘርቦርዶች ላይ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ያልተገኘ እንደሆነ ዲስኩ ወደ 10 ወይም ወደ 5 ጊጋቢት ወርዶ ይሠራል። ባለ ሰማያዊ ሶኬት ማሽን ያለው ሰው የሳታው ዓይነት የውጭ ኤስኤስዲ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ፍጥነት ሶኬቱ አያሳልፍለትምና። ርካሽ ኤስኤስዲ የሚገዛ ሰውም አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት፦ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ የዲስኩ ጊዜያዊ ማረፊያ እስኪሞላ ድረስ ያለው ነው፤ ማረፊያው ከጥቂት አሥር ጊጋባይት በኋላ ሲሞላ ርካሹ ዓይነት ከሃርድ ዲስክ በታች ሊወርድ ይችላል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ጤነኛ የሳታ ኤስኤስዲ ያለው ሰው ደግሞ ባለ 5 ጊጋቢት ባዶ ቤት ገዝቶ ቢያለብሰው፣ ከብዙ አዳዲስ ርካሾች የሚሻል የውጭ ዲስክ ያገኛል።

በገበያው ከሁሉ የሚያሳዝነው ማታለል በሐሰተኛ መጠን የሚሸጠው ነው። 16 ወይም 30 ቴራባይት ይይዛል ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚቀርብ የኪስ «ኤስኤስዲ» ሲከፈት ውስጡ አንዲት ትንሽ የስልክ ሚሞሪ ካርድና የ480 ሜጋቢት ሰሌዳ ሆኖ ይገኛል፤ ቁጥሩን የሚዋሽ ፕሮግራም ስለተጫነበት ኮምፒውተሩም 16 ቴራባይት ብሎ ያሳያል። እውነተኛው መጠን ሲያልቅ ዲስኩ መቀበሉን አያቆምም፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል ወይም ወደ ምንም ይጥለዋል፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ፋይሉን ሲፈልግ ነው። አንድ ሙሉ የበዓል ቅጂ ወይም የአንድ መምህር ድምፅ እንዲህ ሲጠፋ ማካካሻ የለውም። ስለዚህ የተገዛ ዲስክ ሁሉ አደራ ሳይጣልበት በፊት ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ሊኑክስ ለሚጠቀም ደግሞ ኤፍ3 በሚባለው፣ ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበት ተመልሶ ሊነበብ ይገባል። 1 ቴራባይት የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ብሎ ቢታይ ግን ማታለል አይደለም፤ አምራቹ በአንድ ሺህ፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ የሚመጣ ልዩነት ነው።

ዲስኩ ሲዘጋጅ የሚመረጠው የፋይል ሥርዓትም ለመብራት መቆራረጥ ያለውን ጽናት ይወስናል። ፋት32 የተባለው ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ይቀበላል፣ በማክም በዊንዶውስም ይነበባል፣ ነገር ግን ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ የሚጽፍበት የሥራ መዝገብ የለውም። ኤንቲኤፍኤስ ይህ መዝገብ ስላለው መብራት ሲመለስ ከየት እንደቆመ አይቶ ማውጫውን ያስተካክላል፤ በዊንዶውስ ብቻ ለሚሠራ ዴስክቶፕም የሚሻለው ይህ ነው። ዊንዶውስ 10 ከ2018 ወዲህ ለውጭ ዲስኮች ፈጣን መንቀልን የሚፈቅደውን አሠራር መነሻው አድርጓል፤ ይህም መረጃው በኮምፒውተሩ ሚሞሪ ሳይዘገይ ወዲያው ወደ ዲስኩ እንዲጻፍ ያደርጋል። «ፍጥነት ይጨምራል» ተብሎ ይህን ወደ ሌላው መለወጥ ባትሪ ለሌለው ማሽን አይመከርም።

ኤስኤስዲ በሁሉም ረገድ የሚመረጥ አይደለም። መረጃውን የሚይዘው በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሆነ፣ ብዙ ጽሕፈት አስተናግዶ ያረጀ ኤስኤስዲ ሳይሰካ በመደርደሪያ ላይ ከዓመት በላይ ቢቆይ ያዘለውን ሊረሳ ይችላል፤ ሙቀት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። በመግነጢስ የሚጽፈው ሃርድ ዲስክ በዚህ ይበልጠዋል። ስለዚህ የዕለት ሥራው በኤስኤስዲ ላይ ሆኖ፣ ሥራው ሲያልቅ ለዘለቄታ የሚቀመጠው ቅጂ በርካሹና በሰፊው ሃርድ ዲስክ ላይ ቢያድር፣ ሁለቱም በየዓመቱ እየተሰኩ ቢነበቡ የሁለቱም ጥቅም ይገኛል። ቅጂዎቹም በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተሳተፈችበት የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ሲያነሣ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ዝርዝሩን ያዘጋጁትም በዚያ ባለው ቅጂ ላይ ነው። በደብረ ኤልያስ የተቀረጸ የቅኔ ጉባኤም አንዱ ቅጂ በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ደብረ ማርቆስ በታመነ ሰው እጅ ቢቀመጥ፣ ሁለተኛውን ለማዘጋጀት የሚጠይቀው ጊዜ በሰማያዊው ሶኬት ከአንዲት ደቂቃ አይበልጥም።